ጥያቄና መልስ፦ መንግሥት የንግዱን ዓለም ሙስና የሚይዘው በየት በኩል ነው?

የዚህ እትም ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው። መንግሥት በነጋዴና በባለሥልጣን፣ አንዳንዴም በነጋዴና በነጋዴ መካከል የሚካሄደውን ሙስና ለመግታት ምን ያደርጋል፣ የሚያደርገውስ ምን ያህል ይሠራል የሚሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን፣ ስድስት ጥያቄዎችን መርጠናል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጉቦ የሰጠም የተቀበለም ይቀጣል የሚል አንቀጽ የሌለው የወንጀል ሕግ የለም ማለት ይቻላል። እንዲያ ከሆነ መንግሥታት ኩባንያዎችን የሚመለከት ተጨማሪ ሕግ ማውጣት ለምን አስፈለጋቸው? (ከአንድ የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ የጠቀሱት ዓይነት አንቀጽ የሚጻፈው ሁለት ሰዎች ተገናኝተው አንዱ ሲሰጥ ሌላው ሲቀበል እጅ ከፍንጅ የሚያዙበትን ሁኔታ በማሰብ ነው። በትልልቅ ውሎች ላይ ግን ጉቦ እንዲህ አይከፈልም። ኩባንያው ገንዘቡን “አማካሪ” ለሚባል ሰው ይከፍላል፤ አማካሪው በሌላ አገር ለተመዘገበ ድርጅት ያስተላልፋል፤ ድርጅቱ ደግሞ በባለሥልጣኑ ዘመድ ስም በተከፈተ ሒሳብ ያስገባል። ነገሩ ሲወጣ ዋና ሥራ አስኪያጁ “እኔ የፈረምኩት የማማከር ውል ነው” ይላል፤ ባለሥልጣኑም በእጁ የገባ ሰባራ ሳንቲም እንደሌለ ይምላል። ሁለቱም ስለሌላው ማወቃቸውን ማስረዳት የዐቃቤ ሕጉ ዕዳ ስለሚሆን ክሱ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት ቀድማ የተነሣችው አሜሪካ ናት። ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካስለቀቀው የዋተርጌት ቅሌት በኋላ የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባካሄደው ማጣራት ከ400 በላይ ኩባንያዎች በድምሩ ከ300 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ አጠያያቂ ወይም ሕገወጥ ክፍያ መፈጸማቸውን አመኑ፤ ከፍ ያለው ድርሻም ለውጭ አገር ባለሥልጣናትና ፖለቲከኞች የሄደ ነበር። ከእነዚህ አንዱ አውሮፕላን አምራቹ ሎክሂድ ሲሆን፣ ጃፓን ውስጥ የከፈለው ገንዘብ የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ካኩዌ ታናካን በ1976 አሳስሯል። በቀጣዩ ዓመት በታኅሣሥ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ለውጭ ባለሥልጣን ጉቦ መስጠትን ወንጀል አደረገ። በዚሁ ሕግ ውስጥ እምብዛም የማይወራለት ሁለተኛ ክፍልም አለ፤ በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የሚሳተፍ ማንኛውም ኩባንያ የሒሳብ መዝገቡን በትክክል እንዲይዝና በቂ የውስጥ ቁጥጥር እንዲዘረጋ ያስገድዳል።

በእኔ ግምት ከሁለቱ የበለጠ ሥራ የሠራው ይህ የሒሳብ ክፍል ነው። ምክንያቱም ዐቃቤ ሕጉ ገንዘቡ በመጨረሻ የማን ኪስ እንደገባ ማስረዳት ባይችል እንኳ፣ “የማማከር አገልግሎት” ተብሎ የተመዘገበው ወጪ ምንም ማማከር ያልተፈጸመበት መሆኑን ማሳየት ከቻለ ክሱን ማቅረብ ይችላል። ከጉቦው ይልቅ ጉቦውን የሸፈነው የውሸት መስመር ራሱ ጥፋት ይሆናል ማለት ነው።

የጀርመኑ ሲመንስ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ጀርመን እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለውጭ ባለሥልጣናት የተከፈለ ጉቦ ከግብር የሚቀነስ ወጪ ሆኖ እንዲያዝ ትፈቅድ ነበር፤ በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል አገሮች መካከል በ1997 የተፈረመው የፀረ ጉቦ ስምምነት ይህን አስቀረ። ኩባንያው ግን በአሮጌው ልማድ ቀጠለ። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ሠራተኞች ባዶ ሻንጣ ይዘው ወደ ኩባንያው የገንዘብ መክፈያ መስኮት እየሄዱ በአንድ ጊዜ እስከ 1 ሚሊዮን ዩሮ በጥሬው ሞልተው ይወጡ ነበር። ክፍያውን የሚያጸድቀው ኃላፊ ደግሞ ፊርማውን የሚያኖረው በሰነዱ ላይ ሳይሆን በሰነዱ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ተነቃይ ወረቀት ላይ ነበር፤ ችግር ሲመጣ ወረቀቷ ትነሣለች፣ ሰነዱ ፈራሚ አልባ ይሆናል። በ2008 ሲመንስ በአሜሪካና በጀርመን በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ሲስማማ፣ ዋናው ኩባንያ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ያመነው ጥፋት ጉቦ መስጠት አልነበረም፤ የውስጥ ቁጥጥር ጉድለትና ትክክል ያልሆነ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነበር።

ብሪታንያ ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዳለች። በ2010 የወጣውና ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጉቦ ሕግ በሰባተኛው ክፍሉ “ጉቦን አለመከላከል” የሚባል አዲስ ወንጀል ፈጥሯል። ሠራተኛ፣ ወኪል ወይም ቅርንጫፍ ድርጅት ለኩባንያው ጥቅም ብሎ ጉቦ ከሰጠ፣ አለቆቹ ባያውቁም ኩባንያው ተጠያቂ ነው። መከላከያው አንድ ብቻ ነው፦ ጉቦን ለመከላከል በቂ ሥርዓት ዘርግቶ እንደነበረ ማስረዳት፤ የማስረዳቱም ሸክም የኩባንያው ነው። “አላውቅም ነበር” የሚለው መልስ ከመከላከያነት ወደ ማስረጃነት የተለወጠው በዚህ ሕግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አለማወቅ ራሱ ቁጥጥር እንዳልነበረ ይጠቁማልና። ሕጉ አንድ የግል ኩባንያ የሌላ የግል ኩባንያን የግዥ ሠራተኛ የሚደልልበትን ሁኔታም ይጨምራል። ፈረንሳይ ደግሞ በ2016 ባወጣችው ሕግ 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውና ዓመታዊ ገቢያቸው ከ100 ሚሊዮን ዩሮ የሚበልጥ ኩባንያዎች፣ ምንም ጥፋት ባይገኝባቸውም፣ የመከላከያ ሥርዓት እንዲኖራቸው ግዴታ አድርጋለች፤ ይህንንም የሚመረምር መሥሪያ ቤት አቋቁማለች።

ጥያቄ፦ በአስመጪ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ሕግ ለማስጣስ ሳይሆን፣ የሚገባንን ፈቃድ በወቅቱ ለማግኘት ብቻ ለጸሐፊው “የሻይ” የምንሰጠው ትንሽ ገንዘብም ሙስና ነው?

መልስ፦ መልሱ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። የአሜሪካው ሕግ የተለመደና ባለሥልጣኑ እንደፈለገ የማይወስንበትን አሠራር ለማፋጠን ለውጭ አገር ሠራተኛ የሚሰጥን ክፍያ ከወንጀልነት አውጥቶታል፤ ያም ሆኖ በመዝገብ ላይ በትክክለኛ ስሙ መጻፍ አለበት። የብሪታንያው ሕግ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። ካናዳም ቀድሞ የነበራትን ተመሳሳይ ፈቃድ በ2017 ሰርዛለች። እርስዎ ካሉበት አገር አንጻር ግን ጥያቄው ከዚህ ይቀልላል፤ የራስን አገር ሠራተኛ በማፋጠኛ ስም መደለልን የሚፈቅድ የወንጀል ሕግ ማግኘት ያስቸግራል።

መንግሥታት ይህን ዓይነቱን ክፍያ በቅጣት ብቻ ለማስቆም ሲሞክሩ ብዙም አልተሳካላቸውም፤ መጠኑ ትንሽ፣ ምስክሩ ጥቂት፣ ሁለቱም ወገኖች ዝም ማለት የሚጠቅማቸው ነውና። የተሻለ ውጤት የሚታየው ጸሐፊው የሚሸጠው ነገር እንዳይኖረው ሲደረግ ነው። የሚሸጠው ደግሞ ጊዜና ተራ ነው። ለእያንዳንዱ ፈቃድ የሚፈጀው ጊዜና የሚከፈለው ክፍያ ተለይቶ በይፋ ከተለጠፈ፣ ማመልከቻው የገባበት ሰዓት በኮምፒውተር ከተመዘገበ፣ ጊዜው ካለፈ ጉዳዩ ራሱን ችሎ ወደ ላይኛው አለቃ የሚተላለፍ ከሆነና ክፍያው በባንክ ብቻ የሚፈጸም ከሆነ፣ ፋይሉን በመሳቢያ ማቆየት ትርፍ አያስገኝም። መደበኛውን ክፍያ ከፍ አድርጎ የታወቀ የአስቸኳይ አገልግሎት መስኮት መክፈትም አንዱ ዘዴ ነው፤ ፍጥነት የሚሸጥ ከሆነ ገንዘቡ ለመንግሥት ካዝና ይግባ እንደማለት ነው። በግሌ ይህን የምደግፈው ተራው መስኮት ሆን ተብሎ እንዳይንቀራፈፍ የሚጠብቅ ቁጥጥር ካለ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ጉቦውን ሕጋዊ አድርጎ ማስቀጠል ይሆናል።

ድርጅትዎን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለውን ወጪ “ልዩ ልዩ” በሚል መስመር መመዝገብ ከክፍያው የባሰ አደጋ መሆኑን ከላይ የሰጠነው መልስ ያስረዳል።

ጥያቄ፦ አነስተኛ የሥራ ተቋራጭ ነን። ጨረታዎቹ በጋዜጣ ይወጣሉ፣ በአደባባይ ይከፈታሉ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበም ያሸንፋል። ነገር ግን አሸናፊው ሁልጊዜ ያው ነው። ሁሉም ነገር በሕጉ መሠረት ሆኖ እንዴት ይጭበረበራል? መንግሥትስ ምን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ሰፊ መልስ የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው፤ መንግሥትና ንግድ ከሁሉ በላይ የሚገናኙበት ቦታ የግዥ ጠረጴዛ ነውና።

ጨረታ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ጄኔሬተር ሊገዛ አስቧል እንበል። የጨረታ ሰነዱ “ይህን ያህል ኪሎዋት የሚያመነጭ” ብሎ ማቆም ሲገባው፣ የማሽኑን ክብደት በኪሎ፣ ርዝመቱን በሚሊ ሜትር፣ የነዳጅ ጋኑን ይዞታ እስከ ሊትር ክፋይ ድረስ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ከገበያው ጋር ያስተያየ ሰው ከአንድ አምራች ካታሎግ ቃል በቃል የተገለበጠ መሆኑን ይደርስበታል። ሌላው ተወዳዳሪ የተሻለና የረከሰ ማሽን ቢያቀርብም “መግለጫውን አያሟላም” ተብሎ በሕጋዊ መንገድ ይወድቃል።

ሁለተኛው መንገድ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ሲመሳጠሩ ነው። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ኦዲተር የሚያየው ጥቃቅኑን ነገር ነው። አይተዋወቁም በተባሉ ሦስት ድርጅቶች ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት ይገኛል፤ የዋጋ ዝርዝሮቻቸው በሁሉም መስመር እኩል በመቶኛ ይበላለጣሉ፤ የጨረታ ማስከበሪያዎቻቸው ከአንድ የባንክ ቅርንጫፍ በአንድ ቀን ተሠርተው ተከታታይ ቁጥር ይይዛሉ። ሦስተኛው መንገድ የሚመጣው ከውሉ በኋላ ነው። አሸናፊው ከሁሉ ያነሰ ዋጋ ያቀርባል፤ ምክንያቱም ሥራው ከተጀመረ በኋላ “ቫሪዬሽን” እየተባለ ተጨማሪ ሥራ እንደሚጸድቅለት አስቀድሞ ያውቃል። እናንተ የተሸነፋችሁበት ያ ዝቅተኛ ዋጋ በዚህ መንገድ ከእናንተው ዋጋ በላይ ሊደርስ ይችላል።

መንግሥታት ለእነዚህ የሰጡት ጠንከር ያለ ምላሽ ሰነዱን ሁሉ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ መክፈት ነው። በዚህ ረገድ ብዙ የተጻፈለት የዩክሬኑ ፕሮዞሮ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ነው። ከ2014ቱ የሥልጣን ለውጥ በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና የሲቪክ ማኅበራት አብረው የሠሩት ሲሆን፣ በ2015 በሙከራ ተጀምሮ ከነሐሴ 1 ቀን 2016 ጀምሮ በሁሉም የመንግሥት ገዢዎች ላይ ግዴታ ሆኗል። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ማን ምን ያህል እንዳቀረበ፣ ማን በምን ምክንያት እንደወደቀ፣ ውሉና ማሻሻያው ጭምር ለማንም ሰው ክፍት ናቸው። ዶዞሮ በሚባል ተጓዳኝ ገጽ ላይም የተሸነፈ ተወዳዳሪ ወይም ተራ ዜጋ ጨረታውን ተመልክቶ አቤቱታውን ያሰፍራል። ይህ ሁሉ ሆኖ በዩክሬን የግዥ ሙስና አልጠፋም፤ የተለወጠው ማጭበርበሩን የሚያየው ሰው ቁጥር ነው። እንደ እናንተ ያለ የተሸነፈ ተወዳዳሪ ደግሞ ከማንም ኦዲተር የተሻለ ተመልካች ነው፤ ዕቃውን ያውቃል፣ ዋጋውን ያውቃል፣ የሚያስቆጭም ምክንያት አለው።

ሰነዱ መከፈቱ ብቻውን የማይፈታው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ከድርጅቱ ስም ጀርባ ያለው ሰው ማን ነው የሚለው ነው። የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ በሚስቱ ወንድም ስም ድርጅት ካለው፣ የንግድ ምዝገባው ይህን አይናገርም። ብሪታንያ ከ2016 ጀምሮ ከ25 በመቶ በላይ ድርሻ ወይም ተመጣጣኝ ሥልጣን ያላቸውን እውነተኛ ባለቤቶች ኩባንያዎች እንዲያስታውቁ አስገድዳ መዝገቡን ለሕዝብ ከፍታለች። ድክመቱ ወዲያው ታየ፦ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት የተነገረውን ከመጻፍ በቀር የማጣራት ሥልጣን አልነበረውም፤ ይህን ያገኘው በ2023 በወጣ ሕግ ነው። በአውሮፓ ኅብረት በኩል ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኅዳር 2022 መዝገቡ ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆኑ የግል ሕይወትን መብት ይጋፋል ብሎ የሚመለከተውን ድንጋጌ ሽሯል። የግል ሕይወት ክርክሩ ተራ ሰበብ አይደለም፤ ሆኖም ከመንግሥት ጋር ውል የሚዋዋል ድርጅት ቢያንስ ለዚያ ውል ሲል ባለቤቱን በይፋ ቢናገር የሚጎዳው ሐቀኛ ነጋዴ አለ ብዬ አላምንም።

የመጨረሻው መሣሪያ እገዳ ነው። በማጭበርበር የተገኘን ድርጅት ለተወሰኑ ዓመታት ከመንግሥት ጨረታ ማገድ ለብዙ ነጋዴዎች ከገንዘብ ቅጣት የበለጠ ያስፈራል። የዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ፣ የእስያና የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንኮች እንዲሁም የአውሮፓ የመልሶ ግንባታና ልማት ባንክ በ2010 ባደረጉት ስምምነት አንዱ ከአንድ ዓመት በላይ ያገደውን ሌሎቹም ያግዱታል። እገዳ ዋጋ የሚኖረው ግን የታገደው ሰው በማግስቱ አዲስ ድርጅት አስመዝግቦ እንዳይመለስ ሲደረግ ነው፤ ያ ደግሞ መልሶ ወደ እውነተኛ ባለቤቶች መዝገብ ያደርሰናል።

ጥያቄ፦ ኩባንያዎች በመቶ ሚሊዮኖች ተቀጡ ሲባል እንሰማለን፤ የታሰረ ሥራ አስኪያጅ ግን አንሰማም። ይህ ለሀብታም ኩባንያ የወንጀል ዋጋ ማውጣት አይደለም?

መልስ፦ ስጋትዎ መሠረት አለው። ብዙ አገሮች ዛሬ የሚጠቀሙበት መንገድ ክሱን በቅድመ ሁኔታ የማቆየት ስምምነት ነው። ኩባንያው የሆነውን ይገልጻል፣ ቅጣቱን ይከፍላል፣ አሠራሩን ለማሻሻል ይስማማል፤ ዐቃቤ ሕግም ስምምነቱ እስከተከበረ ድረስ ክሱን አይገፋበትም። የአውሮፕላን ሞተር አምራቹ ሮልስ ሮይስ በጥር 2017 በዚህ መንገድ ለብሪታንያ፣ ለአሜሪካና ለብራዚል በድምሩ 671 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማምቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ የብሪታንያው የከባድ ማጭበርበር መርማሪ መሥሪያ ቤት በግለሰቦች ላይ የጀመረውን ምርመራ አንድም ሰው ሳይከስ ዘግቷል። ይህን ያነበበ ሰው ሞተር ራሱ ነው እንዴ ጉቦ የሰጠው ቢል አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል ስምምነቱ ባይኖር ኩባንያዎች ሰነዳቸውን ይደብቃሉ፣ ምርመራው አሥር ዓመት ይፈጃል፣ በጉዳዩ የሌሉበት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ከኩባንያው ጋር ይወድቃሉ። የኤርባስ የ2020 ስምምነት፣ ለፈረንሳይ፣ ለብሪታንያና ለአሜሪካ 3.6 ቢሊዮን ዩሮ ያህል የተከፈለበት፣ ኩባንያው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰነዶችን ራሱ ባያቀርብ ኖሮ ሊታሰብ የሚችል አልነበረም። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ስምምነቱ ይቅር የሚል አይደለም፤ ሰዎቹን ለይቶ መናገር የስምምነቱ ቅድመ ሁኔታ ይሁን፣ ሰነዱም በዳኛ ፊት ይጽደቅ የሚል ነው። ሁለተኛው በብሪታንያ በሕግ አለ፤ የመጀመሪያው ግን በብዙ አገር በወረቀት ላይ ካልሆነ በተግባር እምብዛም አይታይም።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ምንም ሥራ ላልሠራ ድርጅት በየሦስት ወሩ “የገበያ ጥናት” እየተባለ ክፍያ እንዳዘጋጅ እታዘዛለሁ። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ዝም ብል ፊርማዬ አለበት። ሕግ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፤ የያዙት ነገር ከላይ የተነጋገርንበት ሕግ ሁሉ የሚጀምርበት ወረቀት ነው። ብራዚላዊው የግንባታ ኩባንያ ኦዴብሬሽት “የተዋቀሩ ሥራዎች ክፍል” የሚል ስም የሰጠው፣ ጉቦ ከማከፋፈል በቀር ሌላ ሥራ ያልነበረው ሙሉ ክፍል ነበረው፤ በ12 አገሮች 788 ሚሊዮን ዶላር ያህል መክፈሉን በ2016 አምኗል። እንዲህ ያለ ነገር ውስጡ የሚሠራ ሰው ካልተናገረ ከውጭ የመጣ መርማሪ በቀላሉ አይደርስበትም። መንግሥታት ለጠቋሚ ትኩረት መስጠት የጀመሩት ይህን ስለተረዱ ነው።

ሁለት ዓይነት አካሄድ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ምስጢር የሚጠብቅ የጥቆማ መቀበያ እንዲያቋቁሙ አስገድዷል፤ ጠቋሚውን ማባረር፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግና ማዋከብንም ከልክሏል። ሠራተኛው ካባረሩኝ በጥቆማዬ ነው ካለ፣ በሌላ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። አሜሪካ ደግሞ በ2010 ሕግ ከጥበቃው ላይ ሽልማት ጨምራለች፤ በጥቆማው የተጀመረ ጉዳይ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ካስገኘ ጠቋሚው ከ10 እስከ 30 በመቶ ያገኛል። ሽልማት ሰውን ወሬ አቀባይ ያደርጋል የሚሉ አሉ። የሥራ ዘመኑን በአንድ ደብዳቤ ለሚያጣ ባለሙያ ግን “እንጠብቅሃለን” የሚል አንቀጽ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ለእርስዎ የምንለው ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ከማንም ጋር ከመነጋገርዎ በፊት በአገርዎ ያለው ሕግ ጥበቃ የሚሰጠው ለየትኛው አካል ለተሰጠ ጥቆማ እንደሆነ ከጠበቃ ይረዱ፤ በአንዳንድ አገር ለጋዜጠኛ የተናገረ ሰው ለመርማሪ መሥሪያ ቤት የተናገረ ሰው ያለውን ከለላ አያገኝም። ትእዛዙ በቃል ከሆነ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ከክፍያው ጋር መያያዝ የሚገባው የጥናት ሰነድ የታለ ብለውም በኢሜይል ያስታውሱ። የማይገባ ፊርማ እንዳያኖሩ ምክንያት ይሆንዎታል፣ ጥያቄው በቀኑ መነሣቱንም ያሳያል። የድርጅቱን ሰነድ ወደ ቤት መውሰድ ግን በብዙ ቦታ ራሱን የቻለ ጥፋት ስለሆነ አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ያላቋቋመ መንግሥት የለም ለማለት ይቻላል። ለምን አንዳንዱ ይሠራል፣ ሌላው የስም ብቻ ይሆናል?

መልስ፦ ብዙዎቹ ለመነሻነት የሚጠቅሱት በብሪታንያ አስተዳደር ሥር የነበረችውን ሆንግ ኮንግን ነው። ፒተር ጎድበር የሚባል ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ከደመወዙ ጋር ስላልተመጣጠነው ሀብቱ ሲጠየቅ በ1973 አገር ጥሎ ወጣ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በየካቲት 1974 ከፖሊስ ውጭ የሆነ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጎድበርም ተይዞ ተመልሶ አራት ዓመት ተፈረደበት። ኮሚሽኑ ከመጀመሪያው ሦስት ክፍል ነበረው፦ አንዱ ይመረምራል፣ አንዱ የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር እያየ ለጉቦ የሚመቸውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ አንዱ ሕዝቡን ያስተምራል። ሥልጣኑም በግል ኩባንያዎች መካከል ወዳለው ጉቦ ጭምር ይደርሳል። በ1977 ግን የምርመራው ስፋት ያስቆጣቸው ፖሊሶች አምፀው ወደ ኮሚሽኑ ቢሮ ስለገቡ፣ አገረ ገዢው ላለፉ ብዙ ጥፋቶች ከፊል ምሕረት ለመስጠት ተገድደዋል። ስለ ሆንግ ኮንግ ሲወራ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ቁልፉ ጥያቄ ኮሚሽኑን የሚሾመውን ሰው ኮሚሽኑ ራሱ መመርመር ይችላል ወይ የሚለው ነው። በሲንጋፖር በ1952 የተቋቋመው የሙስና ምርመራ ቢሮ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ሆኖም በ1991 በተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምርመራ ቢከለክሉ እንኳ ዳይሬክተሩ የፕሬዚዳንቱን ፈቃድ ይዞ መቀጠል ይችላል።

የሕግ ጥንካሬም ብቻውን አያድንም። የብሪታንያው መርማሪ መሥሪያ ቤት ቢኤኢ የተባለው የጦር መሣሪያ ኩባንያ ለሳዑዲ ዓረቢያ ባደረገው ሽያጭ ላይ የጀመረውን ምርመራ በታኅሣሥ 2006 የአገር ደኅንነት ተጠቅሶ አቋርጧል፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ሰሚ አካልም በ2008 ውሳኔው ሕጋዊ ነው ብሏል። በየካቲት 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለውጭ ባለሥልጣን ጉቦ መስጠትን የከለከለው ያ የ1977 ሕግ የአገሪቱን ኩባንያዎች ከውድድር ያስወጣል በማለት አፈጻጸሙ ለ180 ቀናት እንዲቆምና መመሪያው እንዲከለስ አዘዙ፤ የተከለሰውም መመሪያ በሰኔ ወጣ። ሕጉ ግን አልተሻረም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የብሪታንያ፣ የፈረንሳይና የስዊዘርላንድ ዐቃብያነ ሕግ በጉቦ ጉዳዮች አብረው የሚሠሩበት ግብረ ኃይል ማቋቋማቸውን አስታወቁ። ለንደን ውስጥ የሚነግድ የአሜሪካ ኩባንያም አገሩ ላይ የሚፈልገው ቢጠፋ፣ በብሪታንያው ሕግ ሰባተኛ ክፍል ሥር እንዳለ ይቆያል።